ልጄን ያስጾምኩበት ሁዳዴ

ማንኪያውን በቢላ ጀርባ እደለድለው ነበር። ገንፎው ከጠርዙ ከተረፈ ወደ ሳህኑ እመልሳለሁ፤ ከጎደለ እጨምራለሁ። ልጄ በትራስ ተደግፋ፣ አፏን ከፍታ፣ እጄን በዓይኗ እየተከተለች ትጠብቃለች። ሳልደለድል አላጎርሳትም። ባለቤቴ አንድ ጠዋት ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚወስደውን ሰርቪስ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ አየኝና፣ «ፋርማሲ ከፈትሽ እንዴ?» አለኝ። እንደ ሙገሳ ቆጥሬው ሳቅሁ።

ለዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የራሴ ምክንያት ነበረኝ። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ በሚመረቁበት ዕድሜ ነው። ያደግሁት መቂ ነው። እናቴ ሽንኩርት ለቀማ ስትውል ታናናሾቼን የማሳድጋቸው እኔ ነበርኩ። አንዱን አዝዬ ሌላውን ሳጎርስ፣ ስንት ጉርሻ፣ በስንት ሰዓት ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ያለው ይቀርባል፤ ካለቀሱ ይጨመራል፤ ካለቀ አለቀ። አዳማ መጥቼ ቀን እየሠራሁ በማታ መማር ከጀመርኩ በኋላ ግን በግምት የሚሠራ ነገር ሁሉ አስጠላኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ አብራኝ የምትቀመጠው ተማሪ «እትዬ» ነበር የምትለኝ። አሁን በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ፤ መጽሐፍ ከመደርደሪያው ተዛንፎ ካየሁ ሳላስተካክለው ወደ ቤቴ መሄድ የማልችል ሰው ነኝ። ልጅም የወለድኩት ዘግይቼ ነው፤ ያን ጊዜ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቤት ነበርኩ። እሷን በግምት ላሳድጋት አልፈለግሁም።

ስድስት ወር ሊሞላት ሲል የሠፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጤና ጣቢያ ውስጥ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ከእኔ በብዙ የምታንስ ልጅ ናት። «ከእንግዲህ ጡት ብቻ አይበቃትም፤ ጡቱን ግን እንዳታቋርጪ» አለችኝ። «ገንፎው ወፈር ይበል፤ ማንኪያውን ስታዘነብዪው ጠብ የሚል ከሆነ ውኃ ነው የሰጠሻት። በሁለት በሦስት ማንኪያ ጀምሪ፤ በቀን ሁለቴ፣ ሦስቴ። እየለመደች ስትሄድ ወደ ግማሽ ኩባያ ታደርሺዋለሽ። እንቁላል ቀቅለሽ ፍጪበት። ወተት፣ ካሮት፣ ጎመን ጨምሪበት። ደግሞ ልጅቷን እያት፤ ስትጠግብ ፊቷን ታዞራለች፣ ካልጠገበች ደግሞ ትነግርሻለች።»

የመጨረሻውን ምክር ሰማሁ እንጂ አልያዝኩትም። የያዝኩት ቁጥሩን ነው። ቤት ገብቼ በየትኛው ሰዓት፣ ምን ያህል፣ ምን ተጨምሮበት ብዬ በንጹሕ ወረቀት ጻፍኩና ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት።

የተለጠፈው የቅበላ ሳምንት ነበር።

ከወለድኩ ጀምሮ ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ በዚያው ሳምንት ዕቃውን ሁሉ ግቢ አውጥተው በሙቅ ውኃና በአመድ ይፈትጉ ነበር። መጥበሻውን፣ የሥጋውን ድስት፣ የቅቤውን ዕቃ በማዳበሪያ ከተው ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀሉት። «እስከ ፋሲካ እዚያው ሆነው ይታዘቡን» አሉ፤ እጃቸውን እያራገፉ። እኔም ማዳበሪያውን አየሁ፤ ፍሪጁ ላይ ያለውን ወረቀት አየሁ፤ እስክሪብቶ አነሳሁና እንቁላል የሚለውን ድንች፣ ወተት የሚለውን ዘይት አደረግሁት። ማንም አላለኝም። አማቴ ማንበብ አይችሉም። ባለቤቴ ወረቀቱን ያየው ውኃ ሊጠጣ ፍሪጁን ሲከፍት ብቻ ነው።

ለልጄ ለብቻዋ ትንሽ ድስት ገዝቼላት ነበር። ነገር ግን በአንድ ሳፋ፣ በአንድ እስፖንጅ ነው የምናጥበው፤ እንቁላል የነካ ማንኪያ የጾም ዕቃ መሐል ገብቶ አማቴ ሲያገኙት ይታየኝ ነበር። የንስሐ አባታችን ልጅ ጾም እንደሌለበት ነግረውናል። ለእኔም ቢሆን የምታጠባ ናትና እንደ አቅሟ ብለው ነበር። ሁሉንም አውቃለሁ። ታዲያ ለምን? ይህን ጥያቄ ለራሴ ደጋግሜ ስጠይቅ የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ ደስ አይልም።

ሠርጋችን ላይ የባለቤቴ ዘመዶች «ደብተር ታቅፋ የኖረች ሴት ምን ቤት ታውቃለች» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ያለፈውን ሁዳዴ እርጉዝ ሆኜ ሳልፈታ ስጾም ግን አማቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለሠፈሩ ሴቶች፣ «ልጄ ጾመኛ አገባልኝ» ሲሉ በሩ ውስጥ ቆሜ ሰማኋቸው። በሕይወቴ ብዙ ሰርተፊኬት አልተሰጠኝም። ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር በእንቁላል ላጣት አልፈለግሁም።

አማቴ ደግሞ፣ አሁን ሳስበው፣ በሩን በየቀኑ ይከፍቱልኝ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ የምታጠቢ ነሽ፤ አጥሚትሽን በወተት ጠጪ» ይሉኛል። «ግድ የለም፣ እማዬ፤ እችለዋለሁ» እላለሁ። «ኧረ እግዜሩም ይታዘብሻል!» ይላሉ እየሳቁ። እኔ ሳቃቸውን አላመንኩትም። ፈተና መሰለኝ። ሁሉን ነገር ፈተና አድርጎ ማየት በማታ ትምህርት የያዘኝ በሽታ ነው፤ ጥያቄው ቀላል ከመሰለኝ ወጥመድ አለበት ብዬ ደጋግሜ አነበዋለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ጾሙ ገባ። የአዳማ ሙቀትም በዚያው ወር ነው የሚብሰው። ከሰዓት ላይ ነፋሱ አቧራውን አንስቶ በመስኮት ያስገባዋል፤ መብራት ሲጠፋ ቬንቲሌተሩ ይቆማል፤ ልጅቷ ላብ በላብ ሆና ትነጫነጫለች። እኔ ግድግዳ ሰዓቱን አያለሁ።

«ሰዓቱ ነው የራበው ወይስ ልጅቷ?» ይላሉ አማቴ።

«ገና ናት፣ እማዬ። ትንሽ ይቀራታል።»

«እስኪ ጠይቂው፤ ይፈቅድልሽ እንደሆነ።»

ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ልጅቷ በሙቀቱና በልቅሶ ደክሟት ተኝታለች። ቀስቅሼ አጎርሳታለሁ። ከተለካው ላይ ስታስተርፍ ፊቷን ተከትዬ አስጨርሳታለሁ። ልኩን ጨርሳ አፏን ስትከፍት ደግሞ ማንኪያውን አጥባለሁ። የድንች ገንፎ፣ የካሮት ገንፎ፣ ጠብታ ዘይት ያለበት። ወረቀቱ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም፤ እኔ ካስቀረሁት በቀር።

በዚያው ግቢ ከእኛ ፊት ለፊት የምትኖር ጎረቤት አለችን። ዶሮ ታረባለች። ለአማቴ «አካም ቡልተን!» ብላ ሳታልፍ ቀኗ አይጀመርም፤ እሳቸውም በለመዷት ኦሮምኛ ይመልሱላታል። የእነሱም ረመዳን ከእኛ ጾም ጋር ገጥሞ ስለነበር ግቢው ሁሉ ጾመኛ ነበር። አንድ ጠዋት አንድ እንቁላል በመዳፏ ይዛ መጣች።

«ለልጅቷ ቀቅዪላት። አሁን ነው የተጣለው፤ ንኪው፣ ይሞቃል።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጾም ነው እኮ።»

«እናንተ ናችኋ። እሷም መነኮሰች እንዴ?»

«እንደው ዕቃው…»

«እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ልጆቼ ግን ምሳቸውን ይበላሉ። ራሴ ነኝ የምሠራላቸው። ምን ችግር አለው?»

ፈገግ ብዬ እንቁላሉን መለስኩላት። አማቴ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። እጄ ላይ ሙቀቱ ትንሽ ቆየ።

የምዘናው ቀን ልጄን ብቻዬን ይዣት ሄድኩ። የጤና ሠራተኛዋ ልብሷን አስወልቃ ሚዛኑ ላይ አንጠለጠለቻት። ልጄ እግሯን እያወራጨች በዓይኗ ፈለገችኝ። ሠራተኛዋ ቁጥሩን አየችና እንደገና መዘነቻት። ከዚያ ካርዱን አውጥታ ነጥብ አደረገች፤ ከበፊቱ ነጥብ ጋር አገናኘችው።

«እይው» አለችኝ። «ሽቅብ መሄድ ነበረበት። መስመሩ ተኝቷል።»

እውነትም ተኝቷል። እስከ ስድስት ወሯ በጡቴ ብቻ ሽቅብ ሲወጣ የነበረ መስመር፣ እኔ መመገብ ከጀመርኩበት ቀን ወዲህ ሜዳ ላይ እንደሚሄድ መንገድ ተዘርግቷል።

«አሟት ነበር? አስቀምጧት ነበር?»

«ደኅና ናት።»

«በቀን ስንቴ ትመግቢያታለሽ?»

ነገርኳት። ሰዓቱን ጭምር። ልኩን ጭምር። እንደ ቃል ፈተና አንድም ሳልስት።

«ጎበዝ። እንቁላልስ?»

የልጄን ልብስ ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ።

«ወተትስ?»

ያን ጊዜ ነው ያ ነገር ከአፌ የወጣው። አስቤው አይደለም። ግን አላስቆምኩትም።

«አማቴ… ያው ጾም ነው። ዕቃ ይነካል ይላሉ።»

ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው። «አያቶች!» አለች። «ሁሌ አያቶች! አይዞሽ፤ እኔ ራሴ ቤት መጥቼ አናግራቸዋለሁ።»

«ግድ የለም፣ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«የለም፣ አንቺን አይሰሙሽም። አውቀዋለሁ።»

ወደ ቤት ስመለስ፣ አትመጣም፣ ስንት ቤት አላት እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። አማቴ «እንዴት ሆነች?» ሲሉኝ «ደኅና ናት» አልኳቸው። ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አንስቼ አየሁት፤ እርሳስ ይዤ የድንቹን ልክ ጨመርኩ። ያን ቀንም እንቁላል አልቀቀልኩም። ይህን ሳስብ ከውሸቱ ይልቅ ይኼ ነው የሚከብደኝ፤ መስመሩ መተኛቱን ባይኔ አይቼ የጨመርኩት ድንች ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ጃንጥላ ዘርግታ በሩ ላይ ቆመች። አማቴ ለስልስ የሚሆን ቲማቲም ይከትፉ ነበር። ተነስተው ወንበር ሰጧት፤ ውኃ አቀረቡላት። እሷም ጨዋ ናት፤ ጤናቸውን ጠይቃ፣ ልጅቷን አቅፋ ስማ ነው የጀመረችው።

«እማማ፣ አይቆጡኝና ልንገርዎት። ይቺ ልጅ ክብደት አልጨመረችም።»

የአማቴ ቢላ ቆመ። «ምን ሆና?»

«ጾሙን ያከብራሉ፤ ጥሩ ነው፣ እኔም እጾማለሁ። ግን ሕፃን አይጾምም እኮ፣ እማማ! ዕቃ ይነካል ብለው እንቁላልና ወተት መከልከል ልጅቷን መበደል ነው። ምራትዎ ፈርታዎት ነው እንጂ ትምህርቱን ታውቀዋለች። ደግሞ ለሷስ ቢሆን፣ ጡቷ ከየት ይመጣል?»

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳዩኝ አላውቅም፤ ለእኔ ከክረምት የረዘመ ነበር። ልጄን ከሠራተኛዋ እቅፍ ተቀብዬ ልብሷን አስተካክል ነበር፤ የሚስተካከል ነገር አልነበረውም። «እኔ ነኝ» ለማለት ሁለት ቃል ነው የሚበቃው። አልወጣኝም።

«እውነትሽን ነው፣ ልጄ» አሉ አማቴ ፊታቸውን ወደ እሷ መልሰው። «የገጠር ሰው ነኝ፤ አላወቅሁም። ከዛሬ ጀምሮ ይቀራል።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ። ሌሎቹ ቢሆኑ ያባርሩኝ ነበር።»

«ምን ብዬ አባርርሻለሁ! ለልጄ ልጅ ብለሽ በዚህ ፀሐይ መጥተሽ። ጠጪ ውኃሽን።»

ስትሄድ እስከ ውጭ በር ሸኟት። ተመልሰው ሲገቡ ይናገሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። ነጠላቸውን አጣፉ፤ እጃቸውን ታጠቡ፤ ልጄን ከእቅፌ ወሰዱ፤ ከመደርደሪያው ላይ የልጅቷን ማንኪያ አነሱ።

«ሰዓቷ ገና ነው» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ያልኩት ይኼንን ነው።

በሰዓቱ ያልቀለዱት በዚያን ቀን ብቻ ነው። ግቢውን አቋርጠው ጎረቤታችን በር ላይ ደረሱ፤ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሏት። እሷ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ተወችና ቶሎ ወደ ውስጥ ገባች። እንቁላሉን በራሷ ድስት ቀቀለችው። አማቴ ከጥላው ስር በርጩማ ላይ ተቀምጠው በራሳቸው እጅ ልጠው፣ በማንኪያው ጀርባ ፈጭተው ልጄን አጎረሷት። ምንም አልደለደሉም። ማንኪያው አንዴ ሙሉ፣ አንዴ ጎደሎ ነው። ልጄ አፏን ስትከፍት ይሰጧታል፤ ፊቷን ስታዞር ጠብቀው ዶሮዎቹን ያሳዩዋታል፤ ስትመለስ ይሰጧታል። እኔ ከበራችን ሆኜ አያለሁ። ሁለት ጾመኞች፣ አንዷ ውኃ እንኳን ያልቀመሰች፣ ልጄን መሐላቸው አድርገው እንቁላል ያበሏታል።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። እኔም ወተት ያለበት አጥሚት ሲሰጡኝ ያለ ክርክር ጠጣሁ። ነገሩን ግን አላነሱትም። ለማንሳት ስንት ጊዜ አፌን እንደከፈትኩ! «እማዬ…» እላለሁ። «እህ?» ይሉኛል። «ሽንኩርት አልቋል» እላለሁ።

የባሰው አንድ ማታ በእራት ሰዓት መጣ። ባለቤቴ የጤና ሠራተኛዋን መምጣት ከጎረቤታችን ባል ሰምቶ ኖሯል። እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ፣ «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አላቸው። «ልጄን በጾም ልትጨርሻት ነበር?»

በቀልድ ጀመረው፤ ድምፁ ግን ቀልድ አልነበረውም።

«እርጅና ነው፣ ልጄ» አሉት።

«ምን እርጅና ነው! ሕፃን እንደማይጾም ስታስተምሪን አልነበር ያደግነው?»

«ረሳሁት።»

እኔ ወጥ እያወጣሁ ነበር። ጭልፋው ከድስቱ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ሰማሁት። አማቴ ቀና ብለው አላዩኝም። ላለማየት እንደሚጠነቀቁ ገባኝ፤ ካዩኝ እንደማለቅስ ያውቁ ነበር።

የሚቀጥለው ምዘና ከፋሲካ በኋላ ነበር። አማቴ «እኔም አያታለሁ» ብለው አብረውን ባጃጅ ተሳፈሩ። ጤና ጣቢያው እናቶች ሞልተውበታል። ልጄ ሚዛኑ ላይ ተንጠለጠለች፤ ሠራተኛዋ ነጥቡን አደረገች፤ መስመሩን ሳበችው። አንገቱን ቀና አድርጓል። ብዙ አይደለም፤ ግን ቀና ብሏል።

«እልል በሉልኝ!» አለች ሠራተኛዋ። አማቴን ትከሻቸውን ይዛ ወደ ተሰበሰቡት እናቶች አዞረቻቸው። «እኚህን እናት እዩልኝ። በጾም እንቁላል አይገባም ብለው ልጅቷን ከልክለው ነበር። ሲመከሩ ሰሙ። እናንተም ቤት ያሉት እንደሳቸው ቢሆኑላችሁ!»

እናቶቹ ሳቁ። አንዷ «የኔዋ አማት እኮ አትሰማም» አለች። አማቴ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው እንደተመሰገነ ሳይሆን እንደተያዘ ሰው መሬት መሬት ያያሉ።

«እሳቸው አይደሉም» አልኩ።

ድምፄ ትንሽ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት የለመደ ድምፅ ነው። ሠራተኛዋ «ምን?» አለችኝ።

«እሳቸው አልከለከሉም። ጠይቄያቸውም አላውቅ። እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ስትጠይቂኝ አፍሬ ነው በሳቸው ያላከክሁት።»

ሠራተኛዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ አማቴን አየች። ፊቷ ቀላ። «አንቺ? የተማርሽው?» አለች። «እኔ እኮ ቤታቸው ድረስ ሄጄ… ሽማግሌ እናት… ምን ዓይነት ሰው ነሽ?» ሌላም ብዙ አለች። ሁሉም ትክክል ነበር። እናቶቹም አንገታቸውን እየነቀነቁ አጸደቁላት። ልጄን አልብሼ፣ ካርዱን ተቀብዬ ወጣሁ።

በባጃጅ ተመለስን። አማቴ ከጎኔ ተቀምጠው፣ «ምን አናገረሽ?» አሉኝ። እንደ መቆጣት ብለው።

«እማዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔ እንቁላል ሐኪሞቹ ገና ነው ያሉ መስሎኝ ነበር። አንቺ የምታነቢ ነሽ ብዬ። አለመጠየቄ የኔ ጥፋት ነው።»

«የርስዎ ጥፋት የለም። ለምን ዝም አሉ? ያን ቀን ስትናገርዎት ለምን እኔ አይደለሁም አላሉም?»

የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኋቸው ሁሉ አዩኝ። «አንቺን ቢቆጡሽ ትደነግጪያለሽ። ከደነገጥሽ ጡትሽ ይደርቃል። እኔን ቢቆጡኝ ምኔ ይደርቃል?»

ነፋሱ አቧራውን በባጃጁ ጎን ሸራ ያስገባዋል፤ ልጄን ፊቷን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑላት።

«ማታ ለርሱም እነግረዋለሁ» አልኩ።

«ተዪው ባክሽ። ወንድ እናቱን ቢቆጣ እስኪነጋ ነው፤ ሚስቱን ቢቆጣ ይከርማል።»

እሺ አልኩ። እሺ ማለቴ ቀላል ስለሆነልኝ እንደሆነ እያወቅሁ። የነገርኩት ልጅቷ ግድግዳ ይዛ መሄድ ስትጀምር ነው፤ አማቴ እንዳሉትም ከረመብኝ።

ባጃጁ ውስጥ ልጄ መነጫነጭ ጀመረች። ሰዓት አላየሁም። ቀሚሴን ፈትቼ ጡቴን አጎረስኳት። አማቴ ፊታቸውን ወደ ልጅቷ አስጠግተው ጉንጯን፣ ጉሮሮዋን በስጋት ይመለከቱ ጀመር። ያ ሁሉ ስድብ ወርዶብኝ ነበርና፣ የፈሩት ጡቴ እንዳይደርቅ ነበር። ልጄ ሳበች፤ ተወች፤ እንደገና ሳበች።

«መጣ?» አሉኝ።

ጉሮሮዋ መዋጥ ሲጀምር አየሁት።

«መጣ፣ እማዬ» አልኳቸው።